እናትና አባትን ከሳሎን የማውጫ መመሪያ፤ የአሌክሳንድሪያ ፓርኮች፣ መዝናኛ ማዕከላትና የአረጋውያን አገልግሎቶች

በአሌክሳንድሪያ ከተማ ምዕራባዊ ጫፍ፣ ሴሚናሪ መንገድ ዳር በቆሙት የሳውዘርን ታወርስ ፎቆች ውስጥ ጠዋት ሊፍት የሚጠብቅ ሰው አማርኛ ሳይሰማ አይወርድም። ልጅ ታክሲውን ሊያስነሳ ይወጣል፣ ምራት ወደ ሆስፒታል ፈረቃዋ ትሮጣለች፣ የልጅ ልጆች የትምህርት ቤት አውቶቡስ ይጠብቃሉ። ቤት የሚቀሩት እናት ናቸው። ልጆቻቸውን ሊያዩና የልጅ ልጅ ሊያሳድጉ ከአገር ቤት መጥተው፣ ልጆቹ ካደጉ በኋላ ቀኑን በቴሌቪዥንና በዋትስአፕ የሚገፉ ብዙ ናቸው። እሑድ ቤተ ክርስቲያን አለ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ግን የሚያወጣቸው የለም።

አሌክሳንድሪያ በ1749 የተቆረቆረች፣ ከዋሽንግተን በፖቶማክ ወንዝ ማዶ ያለች ከተማ ናት። በ2020 የሕዝብ ቆጠራ ነዋሪዋ 160 ሺህ ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበር። በቨርጂኒያ ሕግ ከተሞች በየትኛውም ካውንቲ ሥር ስለማይሆኑ ፓርኩን፣ መዋኛውን፣ የሰፈሩን አውቶቡስና የአረጋውያን አገልግሎቱን የሚያስተዳድረው ያው አንድ የከተማ አስተዳደር ነው። ይህ ለነዋሪው ይመቻል፤ የሚንኳኳው በር ጥቂት ነው። ችግሩ አገልግሎቱ ራሱ መጥቶ በር የማያንኳኳ መሆኑ ነው። የሚያገኘው ቀድሞ የጠየቀ ነው፤ ጠያቂውም በየቢሮው ሦስት ነገር ይጠየቃል፤ አድራሻ፣ ዕድሜና የምዝገባ ቀን። ይህ መመሪያ ከነዚህ ከሦስቱ ተነስቶ ወደ ማዕከላቱ፣ ወደ ምሳው፣ ወደ አውቶቡሱና ወደ ፓርኩ ይወስድዎታል።

1. አድራሻው በእርግጥ የከተማው መሆኑን ያረጋግጡ

ብዙ ቤተሰብ ቀኑን የሚያቃጥለው እዚህ ላይ ነው። ፖስታ ቤቱ “አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ” እያለ ደብዳቤ የሚያደርስባቸው ሰፈሮች ሁሉ የከተማው አይደሉም። ሀንቲንግተን፣ ግሮቭተን፣ ሃይብላ ቫሊና ሊንከንያ በፖስታ አድራሻ አሌክሳንድሪያ ይባሉ እንጂ የሚተዳደሩት በፌርፋክስ ካውንቲ ነው። ዚፕ ኮዱ 22306፣ 22309 ወይም 22315 ከሆነ ቤቱ ፌርፋክስ ነው። 22311 እና 22312 ደግሞ ድንበር ላይ ስለሆኑ ከፊሉ ለከተማው፣ ከፊሉ ለካውንቲው ነው።

ለማወቅ ቀላሉ መንገድ በየዓመቱ የሚመጣውን የመኪና ታክስ ቢል ማየት ነው። ከላይ “የአሌክሳንድሪያ ከተማ” የሚል ከሆነ የከተማው ነዋሪ ነዎት፤ “ፌርፋክስ ካውንቲ” ካለ አይደሉም። መኪና የሌለው ቤተሰብ የልጆቹን ትምህርት ቤት ይመልከት። እስከ 2021 ቲ. ሲ. ዊልያምስ ይባል በነበረው በአሌክሳንድሪያ ሲቲ ሃይስኩል የሚመደብ ልጅ የከተማው ነው፤ አናንዴል ወይም ኤዲሰን የሚመደበው የካውንቲው ነው።

ቤትዎ ፌርፋክስ ውስጥ ከሆነ ተስፋ አይቁረጡ። ካውንቲው የራሱ የአረጋውያን ማዕከላት አሉት፤ ለምዕራብ አሌክሳንድሪያ ቅርብ የሆነው የሊንከንያው ነው። በከተማው የመዝናኛ ፕሮግራሞችም አብዛኛውን ጊዜ መመዝገብ ይቻላል፤ ልዩነቱ ተራው ከነዋሪዎች በኋላ መሆኑና ክፍያው ከፍ ማለቱ ነው።

አንድ ነገር ግን ቀድሞ ይታሰብበት። ከልጅ ጋር የሚኖሩ ወላጅ በስማቸው የመብራት ቢልም፣ የኪራይ ውልም አይኖራቸውም። ስለዚህ ውሉ ሲታደስ የእናትን ወይም የአባትን ስም በነዋሪነት ያስገቡ፤ ባንክ ካላቸው ወርሃዊ መግለጫው በስማቸው ወደ ቤት ይምጣ። ለማይነዱ ሰዎች የመንጃ ፈቃድ ቢሮው ዲኤምቪ የሚሰጠው መታወቂያ አለ፤ አድራሻና የልደት ቀን በአንድ ካርድ ላይ ስለሚይዝ ለሚከተሉት እርምጃዎች ሁሉ ይጠቅማል።

2. ዕድሜውን በወረቀቱ ያስሉ

“አረጋዊ” የሚያሰኘው ዕድሜ ከቢሮ ቢሮ ይለያያል። አንዱ ቢሮ “ገና ነዎት” ቢል ሌላውም እንዲሁ ይላል ማለት አይደለም።

50 ዓመት የሞላው በሰሜን ቨርጂኒያ ሲኒየር ኦሎምፒክስ መወዳደር ይችላል። ውድድሩ ከ1982 ጀምሮ የሚካሄድ ሲሆን አሌክሳንድሪያ ከአዘጋጆቹ አንዷ ናት። ሩጫውና ዋናው ብቻ ሳይሆን የእግር ጉዞ፣ ጠረጴዛ ቴኒስና የካርታ ጨዋታም አለበት። 55 የከተማው መዝናኛ መምሪያ ለታላላቆች ባዘጋጃቸው ፕሮግራሞች የሚጠቀምበት ዕድሜ ነው። 60 ሲሞላ የምሳ ፕሮግራሙና ወደ ቤት የሚመጣው ምግብ ይከፈታል። 62 የሞላው የአሜሪካ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ሰው በ80 ዶላር የዕድሜ ልክ የብሔራዊ ፓርኮች ካርድ መግዛት ይችላል፤ ካርዱ በግሬት ፎልስም ሆነ በሸናንዶዋ በር ላይ አብሮ በመኪናው ያለውን ቤተሰብ ሁሉ ያስገባል። 65 ሲሆን የሜትሮ ቲኬት በግማሽ ይወርዳል፣ የሜዲኬር (የአረጋውያን የጤና ኢንሹራንስ) ጥያቄ ይነሳል፣ በስማቸው ቤት ላላቸውና ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ አረጋውያንም ከተማው የቤት ግብር ቅናሽ አለው።

እዚህ ላይ የዘመን አቆጣጠራችን ችግር ይፈጥራል። በኅዳር 1952 ዓ.ም. የተወለዱ እናት በፈረንጅ አቆጣጠር የ1959 ናቸው፤ በግንቦት 1952 የተወለዱት ግን የ1960። ያለ ማገናዘብ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ብቻ የደመረ ሰው አንድ ዓመት ሊሳሳት ይችላል። ከዚያ ላይ ቀናቸው በውል ስላልታወቀ ፓስፖርታቸው ላይ ጃንዋሪ 1 የተጻፈላቸው ስንት አሉ! ቢሮው የሚያየው ፓስፖርቱን ወይም ግሪን ካርዱን ስለሆነ ሒሳቡም በዚያው ይሁን። በሁለት ወረቀት ላይ ሁለት የተለያየ ቀን ካለ ማመልከቻ ከመጀመርዎ በፊት የትኛው እንደሚያዝ ወስነው በሁሉም ፎርም ላይ ያንኑ ብቻ ይሙሉ።

3. ስልክ ይደውሉ፤ አስተርጓሚም ይጠይቁ

በከተማው ውስጥ ሆነው 311 ይደውሉ፤ ከውጭ ከሆኑ ቁጥሩ 703-746-4311 ነው። የፓርክ መብራት መጥፋትም ሆነ የአረጋውያን ጉዳይ ወደሚመለከተው ክፍል የሚያስተላልፈው ይኸው መስመር ነው።

የመጀመሪያውን ስልክ ወላጅ ራሳቸው ቢደውሉ ይመረጣል፤ ልጅ አጠገባቸው ይቀመጥ። የሚያስፈልገው እንግሊዝኛ ሁለት ቃል ነው፤ “አምሃሪክ፣ ፕሊስ።” ከዚያ ዝም ማለት። በመስመሩ ላይ ሙዚቃ ወይም ጸጥታ ይመጣል፤ ተቋርጧል ብለው አይዝጉ፤ አስተርጓሚ እየተፈለገ ነው። አስተርጓሚው ሲገባ ለእሱ ሳይሆን ለሠራተኛዋ እንደሚናገሩ ሆነው በአጭር በአጭሩ ይናገሩ፤ ረዥም ታሪክ በስልክ ሲተረጎም ግማሹ ይቀራል። በመጨረሻ የሠራተኛዋን ስም፣ የደወሉበትን ቀንና “ቀጥሎ ምን ይሆናል?” ለሚለው ጥያቄ የተሰጠውን መልስ ደብተር ላይ ይጻፉ።

አስተርጓሚ መጠየቅ ውለታ መለመን አይደለም። የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ስድስተኛ ክፍል የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ ተቋማት በትውልድ አገር ምክንያት ሰው እንዳያገልሉ ይከለክላል፤ የቋንቋ እርዳታውም የቆመው በዚህ ላይ ነው። አሌክሳንድሪያ ደግሞ አማርኛ ብርቅ የሆነባት ከተማ አይደለችም፤ በትምህርት ቤቶቿ ከእንግሊዝኛና ከስፓኒሽ ቀጥሎ በብዛት በቤት ከሚነገሩት ቋንቋዎች አንዱ ነው። የጤናና የገንዘብ ጉዳይ ሲሆን የልጅ ልጅን አስተርጓሚ አያድርጉ። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ፊት አያት የሽንት ችግራቸውን አይናገሩም።

4. የምዝገባ ቀኑን ይያዙ

የመዝናኛ መምሪያው ፕሮግራሙን በየወቅቱ ያወጣል፤ ለክረምት፣ ለጸደይ፣ ለሰመርና ለመኸር ለየብቻ። ለእያንዳንዱ ወቅት ምዝገባ የሚከፈትበት ቀን አለ፤ ለከተማው ነዋሪዎች ቀደም ብሎ፣ ለሌላው ሰው ጥቂት ቀን ቆይቶ። የሚፈለጉት ክፍሎች፣ በተለይ የውኃ ውስጥ ስፖርት፣ ቶሎ ይሞላሉ።

በኢንተርኔት የሚመዘገቡ ከሆነ የቤተሰቡን አካውንት ምዝገባው ከመከፈቱ ከሳምንት በፊት ይክፈቱ። የነዋሪነት ማረጋገጫው አስቀድሞ ካልታየ ዕለቱ ሲደርስ ሲስተሙ እንደ ውጭ ሰው ሊቆጥርዎት ይችላል። የፈለጉት ክፍል ሞልቶ ከቆየዎት ተጠባባቂ ዝርዝር ውስጥ ይግቡ፤ የሚሰርዝ አይጠፋም።

ክፍያው ከከበደ ከተማው ለዝቅተኛ ገቢ ነዋሪዎች የገንዘብ ድጋፍ አለው። ፉድ ስታምፕ የሚቀበል ቤተሰብ የተፈቀደለትን ደብዳቤ ይዞ ይቅረብ። ድጋፉ የሚጠየቀው ከምዝገባው በፊት እንጂ ከከፈሉ በኋላ አለመሆኑን ያስታውሱ።

5. ማዕከል ይምረጡ፤ መጀመሪያ ሄደው ይዩት

ለምዕራብ አሌክሳንድሪያ ነዋሪ ቅርቡ ሳንገር አቬኑ ላይ ያለው የዊልያም ራምዚ ማዕከል ነው። ከአጠገቡ የበዲ ፎርድ የተፈጥሮ ማዕከልና 50 ኤከር ገደማ የሚሆነው የዶራ ኬሊ የተፈጥሮ ፓርክ አሉ፤ ስለዚህ አያት ውስጥ ስፖርት ሲሠሩ የልጅ ልጅ ውጭ ኤሊና እንቁራሪት ያያል። ታኒ አቬኑ ላይ ፓትሪክ ሄንሪ አለ። አርላንድሪያ አካባቢ ለሚኖሩ ቀድሞ ኮራ ኬሊ ይባል የነበረው ሊዮናርድ “ቺክ” አርምስትሮንግ፣ ዴል ሬይ ላሉ ማውንት ቨርነን ይቀርባሉ።

ኦልድ ታውን አጠገብ፣ ዊት መንገድ ላይ፣ የቻርልስ ሂውስተን ማዕከል ይገኛል። ማዕከሉ የቆመው በ1920 ለጥቁር ልጆች የተከፈተው የፓርከር ግሬይ ትምህርት ቤት በነበረበት ቦታ ላይ ነው። ስሙ የተሰጠው ቻርልስ ሃሚልተን ሂውስተን በትምህርት ቤት መለያየትን በፍርድ ቤት የታገለና ሰርጉድ ማርሻልን ያስተማረ ጠበቃ ነበር። በውስጡ የአረጋውያን ማዕከል አለ፤ ከብራደክ ሮድ ሜትሮ ጣቢያም ብዙ አይርቅም።

ጉልበት ለሚያማቸው ኪንግ መንገድ ላይ ያለው ቺንካፒን ተመራጭ ነው፤ የቤት ውስጥ መዋኛ ስላለው። “እኔ ዋና አላውቅም” የሚሉ እናቶች እዚህ ዋና እንደማያስፈልጋቸው ይነገራቸው። የውኃ ስፖርት የሚሠራው ጥልቀት በሌለው በኩል ነው፤ ውኃው ደረት ላይ ይደርሳል፣ እግር መሬት አይለቅም። አስተማሪዋ ከዳር ቆማ ታሳያለች፤ ተማሪዎቹ ባሉበት ይራመዳሉ፣ ጉልበት ያነሳሉ፣ ከስፖንጅ የተሠራ ቀላል ዳምቤል ውኃ ውስጥ ይገፋሉ። ውኃው ክብደቱን ስለሚሸከም አስፋልት ላይ የሚጮህ ጉልበት እዚያ ዝም ይላል። ቋንቋም ብዙ አያስፈልግም፤ ዐይቶ መከተል ይበቃል። የሚያስቸግረው ልብሱ ነው። ከጥጥ የተሠራ ቲሸርትና ሱሪ በመዋኛ ውስጥ አይወደድም፤ ለውኃ የተሠራ ረዥም እጅጌና ረዥም ሱሪ ግን በየስፖርት ዕቃ መደብሩ ይሸጣል። ለመጀመሪያው ቀን መልበሻ ክፍሉን፣ መታጠቢያውንና ወደ ውኃው የሚያወርደውን ደረጃ ቀድመው ያሳዩዋቸው። ተንሸራታች ወለል ላይ የማያንሸራትት ነጠላ ጫማ የግድ ነው።

አዲስ ሰው ብቻውን አይላክ። ከአንድ ፎቅ ሁለት ሦስት እናቶች ወይም አባቶች አብረው ቢመዘገቡ መቅረት ይቀንሳል፤ አንዷ ስትቀር ሌላዋ በሯን ታንኳኳለች።

6. ምሳውን ይጠቀሙበት፤ ስለ ጾሙም ይንገሩ

ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በ1965 የፈረሙት የአረጋውያን ሕግ ዛሬም ከተማው ለሚያቀርበው የቡድን ምሳ መሠረቱ ነው። 60 ዓመት የሞላው ሰው ከነትዳር ጓደኛው ይስተናገዳል፤ ገቢ መስፈርት አይደለም። በሩ አጠገብ የመዋጮ ሣጥን ወይም ፖስታ ይኖራል፤ መዋጮው በፈቃድ ነው። መክፈል ያልቻለ ምግብ አይከለከልም። “ነፃ ምግብ ልለምን?” ብለው የሚያፍሩ አባቶች አሉ። የፈለጉትን ያህል ፖስታው ውስጥ ጨምረው ቢቀመጡ ማንም አይቆጥርባቸውም።

የሚያስቸግረው ጾም ነው። ሕጉ እያንዳንዱ ምሳ ለአንድ ቀን ከሚመከረው የምግብ ንጥረ ነገር ቢያንስ አንድ ሦስተኛውን እንዲይዝ ስለሚያዝ ሳህኑ ላይ ብዙ ጊዜ ሥጋና ወተት አለ። “አትክልት ብቻ” የሚል ሰው ደግሞ አይብ ወይም እንቁላል ይቀርብለታል፤ ለአበሻ ጾም ይህ አይሆንም። ስለዚህ ለአስተባባሪው በግልጽ ይነገር፤ ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ አይብና ቅቤ የሌለበት፤ ረቡዕና ዓርብ፤ እንዲሁም በየዓመቱ ቀኑ የሚለዋወጠው ሁዳዴ። የወሩን የምግብ ዝርዝር ቀድመው ይውሰዱ፤ የሚሆነውንና የማይሆነውን ቀን አብረው ይለዩ። የማይሆን ቀን ቢኖር እንኳ እናት ሽሯቸውን ከቤት በልተው ለቢንጎው፣ ለደም ግፊት ምርመራውና ለጨዋታው መሄድ አለባቸው። የማዕከሉ ዋና ጥቅም ከሰው መዋሉ ነው።

7. የሚሄዱበትን መንገድ ያለማምዷቸው

ከመስከረም 2021 ጀምሮ የከተማው አውቶቡስ ዳሽ ለሁሉም ሰው ነፃ ነው። ካርድ የለም፣ ሳንቲም የለም፤ መሳፈር ብቻ። በዚህም የተነሳ አንድ አረጋዊ ያለ ልጅ እርዳታ ከቤት ወጥቶ እንዲመለስ ከሁሉ የሚቀለው መንገድ ይኸው አውቶቡስ ነው።

መጀመሪያ አብረዋቸው ይሂዱ፤ ቀጥሎ እሳቸው ይምሩ፣ እርስዎ ከኋላ ይቀመጡ። የመስመሩን ቁጥርና የመውረጃውን ፌርማታ ስም በትልቁ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ጽፈው ቦርሳቸው ውስጥ ያኑሩ። ፊደል ለማይለዩ ደግሞ ምልክት ያሳዩ፤ ከፌርማታው ፊት ያለው ነዳጅ ማደያ፣ ቀይ ጡብ ያለው ሕንፃ። የሜትሮባስ አውቶቡሶች የዋሽንግተን አካባቢ ትራንዚት ባለሥልጣን ንብረት በመሆናቸው ዋጋ አላቸው፤ ከዳሽ ጋር እንዳያምታቷቸው ቀለሙን ያሳዩዋቸው።

65 ለሞላቸው የሲኒየር ስማርትሪፕ ካርድ ያውጡላቸው። ዕድሜያቸውን የሚያሳይ መታወቂያ ይዘው በአካል ቀርበው የሚወስዱት ሲሆን በሜትሮም በሜትሮባስም ግማሽ ያስከፍላል። በአሌክሳንድሪያ ያሉት የሜትሮ ጣቢያዎች አምስት ናቸው፤ የመጨረሻው ፖቶማክ ያርድ የተከፈተው በግንቦት 2023 ነው።

በአካል ጉዳት ምክንያት መደበኛ አውቶቡስ መሳፈር ለማይችሉ ዶት የሚባል ከቤት የሚወስድ አገልግሎት አለ። እዚህ መስፈርቱ ዕድሜ አይደለም፤ ጉዳቱ ነው። ማመልከቻው የሐኪም ማስረጃ ስለሚፈልግና ጉዞውም ቀድሞ ስለሚያዝ ለነገ ቀጠሮ ዛሬ አይጀመርም።

8. ፓርኩን ለእግር ጉዞ፣ ለአትክልትና ለማኅበር ይጠቀሙ

ለእግር ጉዞ ቤን ብሬንማን ፓርክ ሜዳማ ነው፤ ለአረጋዊ ጉልበት ይስማማል። የሆምስ ረን መንገድ ዛፍና ጥላ አለው፤ ግን ጅረት ዳር ስለሆነ ጎርፍ ይጎዳዋል፤ በሐምሌ 2019 የመጣው ጎርፍ ከፊሉን አበላሽቶት ነበር። ከባድ ዝናብ በዘነበ ማግስት ወደዚያ ከመሄድ ኦልድ ታውን ወርዶ በፋውንደርስ ፓርክ ፖቶማክን እያዩ መቀመጥ ይሻላል። ሐምሌና ነሐሴ እዚህ አገር ሙቀት ነው፤ ጉዞው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በፊት ይለቅ። በጣም በሚሞቅባቸው ቀናት ቤተ መጻሕፍቱና መዝናኛ ማዕከላቱ አየር ማቀዝቀዣ ስላላቸው ማንም ገብቶ ሊያርፍባቸው ይችላል።

ታሪክ የሚወዱ አባት ካሉ ፎርት ዋርድ ይውሰዷቸው። 45 ኤከር ገደማ ነው። በ1861፣ በእርስ በርስ ጦርነቱ ዘመን ዋሽንግተንን ለመከላከል የተሠራ ምሽግ አለበት። ከጦርነቱ በኋላ ምሽጉ አጠገብ ከባርነት የወጡ ቤተሰቦች መሬት ገዝተው፣ ቤትና ቤተ ክርስቲያን ሠርተው፣ ሙታናቸውን እዚያው ቀብረው ለትውልድ ኖረዋል። ከተማው ቦታውን ለፓርክ ሲፈልገው በ1950ዎቹና በ60ዎቹ ተነሡ። መቃብሮቹ ዛሬም ፓርኩ ውስጥ ናቸው፤ ሣሩ ላይ ከመቀመጥዎ በፊት ምልክቶቹን ያንብቡላቸው።

እርሻ ለናፈቃቸው ደግሞ ከተማው በቺንካፒንና በሆምስ ረን በዓመት ክፍያ የሚያከራያቸው የጓሮ አትክልት ቦታዎች አሉ። ለነዋሪ ብቻ ናቸው፤ ተጠባባቂውም ብዙ ነው፤ ስለዚህ ስምዎን ዛሬ ያስመዝግቡ። ተራው ሲደርስ የአገር ቤቱን የዘር ወቅት ይርሱት። ጎመን ብርድ ስለሚችል በመጋቢት መጨረሻ ይዘራል፤ ቃሪያና በሶብላ ግን ውርጭ ስለሚገድላቸው እስከ ግንቦት አጋማሽ ይጠብቁ። ወራቱ በፈረንጅ ናቸው።

ልደት፣ ማኅበር ወይም የአገር ልጆች ስብሰባ ለማድረግ የፓርክ መጠለያ ወይም የማዕከል አዳራሽ መከራየት ይቻላል። ቅዳሜና እሑድ ከወራት በፊት ይያዛሉ። ውል ከመፈረምዎ በፊት ሦስት ጥያቄ ያንሱ። የመጀመሪያው፣ ክፍያው የሚጀምረው እንግዳ ሲገባ ነው ወይስ ጠረጴዛ ስትዘረጉ? እኛ ቤት ዝግጅቱ ሁለት ሰዓት ይወስዳል፤ ጽዳቱ ሌላ አንድ ሰዓት። ሁለተኛው፣ ጭስ ነው። ቡና ሲቆላና ዕጣን ሲጨስ የአዳራሹ የጭስ መቆጣጠሪያ ይጮኻል፤ እሳት አደጋም ሊመጣ ይችላል። ቡናውን ቤት ቆልተው በኤሌክትሪክ ምድጃ ማፍላት ይፈቀድ እንደሆነ በጽሑፍ ይጠይቁ። ሦስተኛው፣ መጠጥ። ያለ ፈቃድ ጠላም ቢሆን፣ ጠጅም ቢሆን፣ ቢራም ቢሆን ፓርክ ውስጥ አይጠጣም።

9. ከቤት መውጣት ላልቻሉት

በ1968 የተቋቋመው ሲኒየር ሰርቪስስ ኦፍ አሌክሳንድሪያ ትርፍ የማያሳድድ ድርጅት ነው። ምግብ ማብሰል ለማይችሉ ከቤት የማይወጡ አረጋውያን ምግብ ያደርሳል፤ አስቤዛ የሚያመጡና ለወግ የሚጎበኙ በጎ ፈቃደኞችንም ያገናኛል። ለጉብኝቱ ሲያመለክቱ አማርኛ የሚናገር በጎ ፈቃደኛ ይኖር እንደሆነ ይጠይቁ። በሌላም በኩል ያስቡት፤ ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ያላት ወጣት ራሷ በበጎ ፈቃደኝነት ብትመዘገብ ለአንዲት እናት ቋንቋ ሆነችላቸው ማለት ነው።

ልብስ ለመልበስ፣ ለመታጠብ ወይም የመርሳት ሕመም ላለበት ሰው ጥበቃ እርዳታ ካስፈለገ የከተማውን የአረጋውያንና የአዋቂዎች አገልግሎት ክፍል ግምገማ ይጠይቁ። ስለ ሜዲኬር ደግሞ ቪካፕ የሚባለው የቨርጂኒያ የኢንሹራንስ ምክር አገልግሎት ነፃ ነው፤ ምንም አይሸጥም። ግሪን ካርድ ይዘው አገሩ ላይ አምስት ዓመት ሳያቋርጡ የኖሩ፣ 65 የሞላቸው፣ ሠርተው የማያውቁ ወላጅም ቢሆኑ እየከፈሉ የሚገቡበት መንገድ አለ። የዕቅድ መለወጫው ጊዜ በየዓመቱ ከኦክቶበር 15 እስከ ዲሴምበር 7 ነው፤ በዚያ ሰሞን በስልክ እየደወሉ ካርድ ቁጥር ለሚጠይቁ ሰዎች ምንም አይስጡ። ወላጅዎ የሚኖሩት በሌላ ግዛት ከሆነ 1-800-677-1116 ቢደውሉ የአካባቢያቸውን የአረጋውያን ቢሮ ይነግሩዎታል።

10. የጎደለውን ለከተማው ምክር ቤት ይንገሩ

አግዳሚ ወንበር የሌለበት ፌርማታ፣ የጾም ምሳ የሌለበት ማዕከል፣ በአማርኛ ያልወጣ የፕሮግራም ወረቀት፤ እነዚህ የሚስተካከሉት በበጀት ነው። የአሌክሳንድሪያ የበጀት ዓመት ጁላይ 1 ይጀምራል። የከተማው ሥራ አስኪያጅ ረቂቁን በፌብሩዋሪ መጨረሻ አካባቢ ያቀርባል፣ ምክር ቤቱ በጸደይ ያጸድቃል። በመካከሉ ያሉት ሳምንታት ነዋሪ የሚሰማባቸው ናቸው።

ከንቲባዋና ስድስቱ የምክር ቤት አባላት በቅዳሜ ጠዋት የሕዝብ መድረክ ላይ በማንኛውም ጉዳይ አስተያየት ይቀበላሉ፤ ለአንድ ሰው ሦስት ደቂቃ ነው። ቀድሞ መመዝገብ ያስፈልጋል፤ አስተርጓሚ የሚፈልግ ቀደም ብሎ ያሳውቅ። ሦስት ደቂቃ ከምስጋናና ከመግቢያ ጋር አይበቃም። እናት “የምኖረው ሴሚናሪ መንገድ ላይ ነው፤ ዕድሜዬ 71 ነው፤ የአውቶቡስ ፌርማታችን መቀመጫ የለውም፤ እባካችሁ አንድ አግዳሚ አድርጉልን” ቢሉ ጉዳዩ ተነግሮ አልቋል። ከምክር ቤቱ በታች ደግሞ የአረጋውያን ኮሚሽንና የፓርክና መዝናኛ ኮሚሽን አሉ፤ ስብሰባቸው ለሕዝብ ክፍት ነው፣ ተናጋሪውም ጥቂት ነው። የተናገሩትን በአንድ ገጽ ጽፈው ለከተማው ጸሐፊ ቢሮ ያስገቡ፤ የተቀበሉበትን ቀን የሚያሳይ ቅጂ ያስቀሩ፤ በጀቱ ሲጸድቅ የጠየቁት ገብቶ እንደሆነ በ311 ደውለው ይጠይቁ።